ያገተች አምባዛ

መምህር ደጀን ስለ አምባዛ ማጥናት የጀመረው እኩዮቹ የጡረታ ዘመናቸውን በጣታቸው መቁጠር በያዙበት ዕድሜ ነው። ሃምሳ አንድ ዓመቱ ነበር። ቆቦ ከተማ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ባዮሎጂ ሲያስተምር ኖሮ፣ ፊደል ያስቆጠራቸው ያህል የሚያያቸው ልጆች ሁለተኛ ዲግሪያቸውን እየያዙ መጥተው በመምህራን ማረፊያ ክፍል ከፊት ለፊቱ መቀመጥ ሲጀምሩ፣ እርሱም በክረምት መርሐ ግብር ተመዘገበ። የመመረቂያ ጥናቱ ርእስ «በጎሊና ወንዝ የሚገኘው አምባዛ ዕድገትና መራባት» የሚል ሆነ። ባልደረቦቹ «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» እያሉ ተሳለቁበት። ስላቁ አላስጨነቀውም። ያስጨነቀው ቀኑ ነው፤ ጥናቱን እስከ 2002 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር ካላስገባ ስሙ ከመዝገብ ይሰረዛል፣ በዚያ ዕድሜ ደግሞ እንደገና የሚመዘግበው አልነበረም።

ጥናቱ በቃል ሲነገር ቀላል ነው። በየወሩ ሠላሳ አምባዛ ይያዛል። ርዝመቱ ይለካል፣ ክብደቱ ይመዘናል፣ ከዚያም ሆዱ ተከፍቶ የወንዱ ፍሬ ወይም የሴቷ የዕንቁላል ከረጢት ወጥቶ ለብቻው ይመዘናል። ከረጢቱ የከበደበት ወር የመራቢያው ወር ነው። ችግሩ ደጀን በሕይወቱ አንድ ዓሣ እንኳ ይዞ የማያውቅ መሆኑ ነበር። አምባዛ በልቶም አያውቅም፤ ቅርፊት የለውምና ባደገበት ቤት ከምግብ አይቆጠርም። ስለዚህ ከሮቢት ወረድ ብሎ በጎሊና ዳር ወደሚኖረው ወደ ሰላሁዲን ሄዶ ለመነው።

ሰላሁዲን ስድሳ አምስት ዓመት ያለፈው ገበሬ ነው። ማሽላውን ዘርቶ፣ ከብቱን አሰማርቶ በተረፈው ጊዜ መረብ ይጥላል። የደጀንን ልመና እስከ መጨረሻው ሰማና ሳቀ።

«ሥጋውን አልፈልግም ነው የምትለኝ?»

«አልፈልግም። የምፈልገው የሆድ ዕቃውን ነው።»

«ሥጋው የእኔ፣ አንጀቱ ያንተ። ከዚህ የተሻለ ሸሪክ በዱዓም አይገኝ! ቢላዋውን ግን የምይዘው እኔ ነኝ።»

«አያ ሰላሁዲን፣ ዓሣ መታረድ አያስፈልገውም ሲባል ሰምቻለሁ።»

«አያስፈልገውም። ከውሃ የወጣ ዓሣ ሐላል ነው።» ሰላሁዲን ጠዋት ተይዞ እስከ ቀትር ያልሞተውን አምባዛ በእግሩ ጣት ነካ አደረገው። «ይኸኛው ግን ይኸው እየተነፈሰ ያየኛል። የሚያየኝ ነገር ላይ ያለ ቢስሚላህ ቢላዋ አልሰድም።»

እንዲህ ተስማሙ። ከመስከረም እስከ ሰኔ ደጀን በየወሩ ወደ ጎሊና እየወረደ ከሰላሁዲን ጎን ተቀምጦ ለካ፣ መዘነ፣ ጻፈ። ዕድሜውን ለማወቅ ከዓሣው የደረት ክንፍ ሥር ያለውን እሾህ በስሱ ቆርጦ ቀለበቶቹን በአጉሊ መነጽር ይቆጥር ነበር። ይህን ሲያስረዳው ሰላሁዲን ጭኑን መታ።

«እንደ ላም ቀንድ ነዋ! ላም ስንት እንደ ወለደች በቀንዷ ቀለበት አይደል የምናውቅ?»

ደጀን በሃያ ስድስት ዓመት የማስተማር ዘመኑ እንዲህ ያለ ምሳሌ አላገኘም ነበር። በማስታወሻው ላይ ጻፈው። በጥናቱ ውስጥ ግን አላስገባውም፤ ምንጩ መጽሐፍ አልነበረምና።

ሰኔ ሲገባደድ ለክረምት ትምህርት ወደ ዩኒቨርሲቲው የሚሄድበት ቀን ደረሰ። ጥናቱ ሁሉ የተንጠለጠለባቸው ወራት፣ ሐምሌና ነሐሴ፣ በሰላሁዲን እጅ ቀሩ። ደጀን ፍሬውንና ከረጢቱን የሚያስቀምጥበት ስልሳ ጠርሙስ፣ እንዳይበሰብስ ከሚያደርገው ፎርማሊን ጋር አስረከበው። በጠርሙሶቹ ላይ የጾታ ምልክት እንዲያደርግ ብሎም የመጨረሻውን ትምህርት ሰጠው። ዓሣውን በጀርባው አጋድሞ ከመውጫው አጠገብ ያለችውን፣ እንደ ፍየል ጡት ጫፍ ሾጠጥ ያለች ሥጋ አሳየው።

«ይህች ያለችው ወንዱ ነው። የሴቷ ክብ ነው። ሆዷን ሳይከፍቱ ከውጭ ያውቋታል። መጪው ጊዜ ደግሞ የመውለጃቸው ወቅት ስለሆነ ሆዳቸው ሞልቶ ያገኟቸዋል።»

«ሱብሐነላህ! አርባ ዓመት ስይዛቸው ኖሬ፣ ወንዱን ከሴቷ የማውቀው ከከፈትኩት በኋላ ነበር።» ሰላሁዲን ዓሣውን አገላብጦ አየው። «ዛሬ ዓይኔን ገለጥክልኝ፣ መምህር።»

ደጀን በዚህ ምስጋና ተደስቶ ሄደ። ያን ዓመት ካስተማረው ሁሉ በትክክል የገባ ትምህርት ያ ብቻ እንደ ነበረ ያወቀው ዘግይቶ ነው።

በመስከረም ሲመለስ ስልሳዎቹ ጠርሙሶች በሰላሁዲን ጎጆ ጥግ ተደርድረው ጠበቁት። ልኬቱ በዐረብኛ አኃዝ ተጽፏል፤ ሰላሁዲን የተማረው በመድረሳ ስለ ነበር ደጀን አኃዞቹን ማንበብ ከለመደ ቆይቷል። ጠርሙሶቹን ወደ ቆቦ አስጭኖ አንድ በአንድ መረመራቸው። ወንድ። ወንድ። ወንድ። ስልሳውም ወንድ ነበሩ።

እንደገና መረመረ። እስከ ሰኔ ድረስ ከሠላሳው አሥራ አራት፣ አሥራ አምስቱ ሴቶች ነበሩ። በዋናዎቹ ሁለት ወራት አንዲት ሴት አልተገኘችም። ይህን ጊዜ ደጀን ሊጠይቀው የሚገባውን ሰው ትቶ መጻሕፍትን ጠየቀ። መጻሕፍቱም፣ ወጉ እንደ ሆነው፣ ሊሰማ የፈለገውን ነገሩት። የመጀመሪያው ጎርፍ ሲመጣ ሴቶቹ ወንዶቹን ጥለው ወደ ላይ፣ ወደ ተራራው ግርጌ ይወጣሉ ማለት ነው! ለዚህም «የሴቴ አምባዛ የክረምት ስደት» የሚል ስም አወጣለትና አሥራ ስምንት ገጽ ጻፈ።

አማካሪው ዶክተር የሻረግ ነበረች። ከዚያ በፊት የላከላትን ሦስት ረቂቅ «ይህ የታወቀ ነው» ብላ በቀይ ቀለም ጽፋ የመለሰች ሴት ናት። አሥራ ስምንቱ ገጽ በደረሳት ማግስት ራሷ ደወለች።

«መምህር ደጀን፣ ይህ እውነት ከሆነ አዲስ ነገር ነው።»

«የታየው እንግዲህ ይኸው ነው፣ ዶክተር።»

«ስልሳውም?»

«ስልሳውም።»

በኅዳር በሚደረግ ጉባኤ ላይ እንዲያቀርበው ወሰነች። ደጀን ለጉባኤው ኮት አሰፋ። በጥቅምት አጋማሽም፣ ያን ኮት ለብሶ፣ በኮቱም ልክ የሆነ ልብ ይዞ፣ የምሥራቹን ለሰላሁዲን ሊነግር ወደ ጎሊና ወረደ።

ሰላሁዲን ገመድ እየፈተለ፣ ሚስቱ ኡሙሃኒ ማሽላ እየለቀመች በጥላ ተቀምጠው ነበር። ደጀን ስለ ስደቱ፣ ስለ ጎርፉ፣ ስለ ተራራው ግርጌ በተራ አስረዳ። ኡሙሃኒ እጇን ከሰፌዱ አነሣች።

«ተሰደዱ? ማን አሰደዳቸው?»

«ውሃው ሲሞላ ወደ ላይ ይወጣሉ፣ እቴ ኡሙሃኒ። አያ ሰላሁዲን አንዲት እንኳ ያላገኙት ለዚህ ነው።»

ወደ ባሏ ዞረች። «አንተ ሰውዬ፣ አልነገርከውም?»

«ምኑን?» አለ ሰላሁዲን።

«ክረምቱን ሙሉ ከመረብ እያወጣህ ‹ሂጂ እናቴ፣ በሰላም ተገላገዪ› ስትል የከረምከውን ነዋ!»

ደጀን ኮቱ ጠበበው። «ሴቶቹን ለቀቋቸው?»

«ምን ላድርግ ታዲያ?» አለ ሰላሁዲን፣ ገመዱን ሳይለቅ። «ያገተች ይታረዳል እንዴ? ላምህ ጡቷ ሞልቶ ለመውለድ ብትደርስ ታርዳታለህ? እናንተስ ክርስቲያኖቹ ታርዳላችሁ?»

«አናርድም። ግን ዓሣ ናት እኮ!»

«ዓሣ ብትሆንስ? የመውለጃቸው ወቅት ነው ያልኸኝ አንተው አይደለህ?»

«ሁሉም ያገቱ አልነበሩም ይሆናል።»

«እሱን በምን ልወቀው? ሆዷን ከፍቼ? ሴት የሆነችውን ሁሉ ለቀቅኋ።»

«እስከ ሰኔ ድረስ ግን ሴቶቹንም ይከፍቱ ነበር!»

«እስከ ሰኔ አላውቅም ነበር። ባላወቁት አላህ አይጠይቅም። አንተ አሳውቀኸኝ ሄድክ፤ ያወቀ ሰው ምን ያድርግ?» ሰላሁዲን ከልቡ መልስ የሚጠብቅ ይመስል ነበር።

«ስንት ይሆናሉ የለቀቋቸው?»

«ማን ይቆጥራል? ሰማኒያም ትሆናለች፣ መቶም።»

ደጀን ወደ ቆቦ ተመልሶ ሦስት ቀን ከራሱ ጋር ተሟገተ። ሰላሁዲን ለጉባኤው አይመጣም። አምባዛዎቹም አይመሰክሩም። ታኅሣሥ ደግሞ በደጅ ቆሟል። በአራተኛው ቀን ግን ስልኩን አነሣና ሁሉንም ለዶክተር የሻረግ ነገራት።

«ይህን ከእርስዎ ሌላ ማን ያውቃል?»

«የወንዙ ሰው ሁሉ።»

«ከወንዙ ሰው ሌላ ማለቴ ነው።»

«አሁን እርስዎ።»

እርሷም «ደብዳቤ ይጻፉ» አለችው። ደጀንም «የናሙና ሰብሳቢው ለነፍሰ ጡር ዓሦች ባሳየው ርኅራኄ ምክንያት» የሚል ደብዳቤ ጽፎ፣ ጉባኤውን ትቶ የጊዜ ማራዘሚያ ጠየቀ። ደብዳቤው በኮሚቴው ፊት ሲነበብ አንዳንዶቹ እንባቸውን እስኪጠርጉ ሳቁ። ሳቅ ልብን ያለሰልሳልና እስከ 2003 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ፈቀዱለት፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ማራዘሚያ እንደማይኖርም በማኅተም አረጋገጡ። ደጀን ኀፍረቱን እንደ ካሳ ቆጥሮ ራሱን ከእውነተኞች ተርታ መደበ።

በተከታዩ ሐምሌ ሌላ ቦታ አልሄደም። በጎሊና ዳር ከሰላሁዲን ጎን ተቀመጠ። ጎርፉ በወረደ ማግስት መረቡ ሆዳቸው የተነፋ ሴቶችን ያወጣ ጀመር። ሰላሁዲን ግን ከቃሉ ፍንክች አላለም።

«ለካት፣ መዝናት፣ አመስግነህ ልቀቃት። እረድልኝ ግን አትበለኝ።»

«ዕንቁላሏን ሳላይ ምን እጽፋለሁ?»

ነገሩን የፈታችው ኡሙሃኒ ናት፤ ለቀልድ ነበር የጀመረችው። «ካልታረደች አትታለብም?» አለችና አንዲቱን አምባዛ በእርጥብ ጨርቅ ይዛ ሆዷን ከላይ ወደ ታች፣ ላም እንደምታልብ ሴት፣ በቀስታ ጠረገቻት። አረንጓዴ ቢጫ የሆነ፣ እንደ ጤፍ የደቀቀ ዕንቁላል ወደ ሳሕኑ ፈሰሰ። ደጀን በደስታ ሊጮኽ ምንም አልቀረው። የታለበችው አምባዛ ጅራቷን መትታ ወደ ውሃው ተመለሰች። በሦስተኛው ቀን ወሬው ከወንዙ አልፎ ሮቢት ገበያ ደርሶ ነበር።

«መምህር፣ ቅቤውን መቼ ነው የምትንጡት?» ይሉታል አላፊዎቹ።

«ለእኔም አንዲት የምትታለብ አምባዛ አዳቅልልኝ!»

ዶክተር የሻረግ ግን አልተደሰተችም። «የታለበው አይበቃም፣ መምህር ደጀን። ሆዷ ውስጥ የቀረውን ማን መዘነው? ሙሉ ከረጢቱ ካልተመዘነ ኮሚቴው አይቀበልም» አለች በስልክ። ደጀን ይህን ለሰላሁዲን አልነገረውም፤ ቢነግረው የሚለውን ያውቃል። ስለዚህ፣ ተስፋ የቆረጠ ሰው እጁ ሥራ እንዳይፈታ እንደሚያደርገው፣ ከታለበው ላይ አንድ ግራም መዝኖ በነጭ ሳሕን ዘረጋና በመርፌ ጫፍ ፍሬ በፍሬ ይቆጥር ጀመር። ግማሽ ቀን ፈጀበት። በአንዱ ግራም ስድስት መቶ አርባ ዕንቁላል አገኘ። አምባዛዋ የሰጠችው ሰማኒያ ግራም ነበር።

«ስንት ወጣላት?» አለች ኡሙሃኒ።

«ሃምሳ አንድ ሺህ ከሁለት መቶ።»

«ስንት አልክ?»

«ሃምሳ አንድ ሺህ። የዚያች የአንዲቱ ብቻ።»

ሰላሁዲን ቀና አለ። «ከቆቦ ሕዝብ ይበልጣል! እኔ እኮ ሁለት፣ ቢበዛ አሥር መስሎኝ። ታዲያ ያን ሁሉ እንዴት ታሳድገዋለች?»

«አታሳድግም። ጎርፍ የተኛበት ሣር ላይ ትጥላቸውና ትሄዳለች።»

«አባታቸው ይቀራላ?»

«እሱም ይሄዳል።»

«ዘወር ብላ አታያቸውም?»

«አታይም። እንዲያውም አድገው ብታገኛቸው ልጆቿ መሆናቸውን ስለማታውቅ ትበላቸዋለች።»

«ያ ረቢ!» ሰላሁዲን ሳሕኑን እንደ ተታለለ ሰው ተመለከተው። «እኔ ደግሞ ‹ሂጂ እናቴ› እያልኩ!»

በማግስቱ ረፋድ ላይ አንድ ጆንያ ጎትቶ መጥቶ በደጀን እግር ሥር ዘረገፈው። ሠላሳ አንድ ሴት አምባዛ ነበር፤ ሁሉም ሆዳቸው የሞላ፣ ሁሉም የታረዱ።

«እንካ። ቢስሚላህ ብዬ ነው የጨረስኳቸው። ሃምሳ ሺህ ልጅ ጥላ የምትሄድ ናት ሳዝንላት የኖርኩት? ነገም አመጣልሃለሁ።»

በዚያች ቅጽበት አንድ ዓረፍተ ነገር ደጀን ምላስ ላይ ደረሰ። በየዓመቱ ለተማሪዎቹ የሚለው ነው፤ ይህን ያህል የምትጥል ፍጥረት ይህን ያህል የምትጥለው አብዛኛው ስለሚጠፋባት ነው፤ ከሃምሳው ሺህ አድጎ የሚወልደው በአንድ እጅ ጣት ይቆጠራል። ዓረፍተ ነገሩን ለመናገር ከአንድ ትንፋሽ የበለጠ አይጠይቅም ነበር። ደጀን ጆንያውን አየ፤ ሠላሳ አንድ ሙሉ ከረጢት አየ፤ መስከረምን አየ። «ሥራው ይለቅና ለአያ ሰላሁዲን እነግራቸዋለሁ» ብሎ ለራሱ ቃል ገባና ሚዛኑን አነሣ።

ጥናቱ በጊዜው ገባ። «እጅግ በጣም ጥሩ» ተብሎም ጸደቀ። የከረጢቱ ክብደት በሐምሌ እንዴት እንደሚያሻቅብ የሚያሳየው ሥዕል ከሁሉ በላይ ተመሰገነ። በመጨረሻው ምዕራፍ፣ የጥናት ወግ ነውና፣ ምክረ ሐሳብ ተጽፏል፤ «የወንዙ ዓሣ እንዳይመናመን በሐምሌና በነሐሴ ዕንቁላል የያዙ ሴቶች እንዳይያዙ፣ ከተያዙም በሕይወት እንዲለቀቁ ኅብረተሰቡን ማስተማር ያስፈልጋል።» ደጀን ይህን ሲጽፍ እጁ ጥቂት ቆሞ ነበር፤ ቢሆንም ቀጠለ። ለሰላሁዲን ሊነግረው ያሰበውን ግን ከዲግሪው በኋላ ደመወዝ፣ ከደመወዙ በኋላ ርእሰ መምህርነት፣ ከዚያም ጊዜ ማጣት እየቀደመው ሳይነግረው ቀረ።

በ2005 ዓ.ም. ግንቦት ሮቢት ላይ የአንድ ቀን ሥልጠና ተጠራ። ያዘጋጀው በድረዲን የሚባል ወጣት የዓሣ ሀብት ባለሙያ ነው። ደጀን የጥናቱ ባለቤት ተብሎ ከፊት ተቀመጠ። ሰላሁዲን ከዓሣ አስጋሪዎቹ መካከል ነበር። በድረዲን በጎሊና የሚያዘው አምባዛ በሁለት ዓመት ውስጥ እንዳነሰና እንደ ቀነሰ ተናግሮ፣ ከደጀን ጥናት ላይ ምክረ ሐሳቡን አነበበ፤ ዕንቁላል የያዘች ሴት እንዳትነካ።

ሰላሁዲን እጁን አወጣ።

«ልጄ፣ ይኸ የቀረ ነገር ነው። እኛም ባለማወቃችን ስንለቃቸው ከርመናል። አንዲቱ ሃምሳ ሺህ ጥላ ዘወር ብላ እንደማታይ አልሰማህም? እኔ ከሰማሁ ወዲህ፣ ያኔ እኔን አይተው ይለቁ ለነበሩት ጎረቤቶቼ ሁሉ ነግሬ እነሱም መልቀቁን ትተዋል። ካላመንከኝ ያስተማረኝ ሰው እፊትህ ተቀምጧል። መምህር፣ እስቲ አስረዳው።»

አዳራሹ ወደ ደጀን ዞረ። ደጀን ተነሣ። የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ፣ መልሶም ፈታው።

«ቁጥሩ ልክ ነው» አለ። «ከዚያ ውስጥ አድጎ ለመውለድ የሚበቃው ግን አንድ ወይም ሁለት ነው። የቀረውን ኩሬው ሲደርቅ ፀሐይ ያቃጥለዋል፣ ወፍ ይለቅመዋል፣ ዓሣ ይበላዋል። ሃምሳ ሺህ የምትጥለው ሁለት እንዲተርፉላት ነው።»

«ሁለት?» አለ ሰላሁዲን።

«ሁለት።»

«ከላምም ያነሰች ናት በለኛ።» ሽማግሌው ምርኩዙን በሁለት እጁ ያዘ። «ይህን መቼ አወቅህ?»

ደጀን «በቅርቡ» ማለት ይችል ነበር። አዳራሹ ያምነው ነበር። «ድሮም አውቀው ነበር» አለ።

«ጆንያውን ያመጣሁልህ ዕለትም?»

«ያን ዕለትም።»

«ምነው ታዲያ ዝም አልከኝ?»

«ዕንቁላሉ ያስፈልገኝ ነበር፣ አያ ሰላሁዲን።»

ከኋላ አንድ ሰው ሊስቅ ጀምሮ ተወው። ሰላሁዲን ደጀንን ተመለከተው። በፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን ለደጀን በቀለለው ነበር። ከዚያም ምርኩዙን በትከሻው አስደግፎ ሁለት መዳፎቹን ዘረጋ። ወሎ ውስጥ ሽማግሌ መዳፉን ሲዘረጋ የሚከተለውን ሁሉም ያውቃልና፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ በድረዲንም ወረቀቱን አስቀምጦ፣ መዳፋቸውን ዘረጉ። ደጀንም ዘረጋ።

«አላህ ዕውቀትህን ይጨምርልህ።»

«አሜን» አለ አዳራሹ።

«ዲግሪህን ይባርክልህ።»

«አሜን!»

«የምታውቀውን ግማሹን ሳያስቀር የሚናገር አንደበት ይስጥህ።»

«አሜን!» አለ አዳራሹ፣ ከፊተኞቹ ይልቅ ከፍ አድርጎ። ምርቃትን ያለ አሜን ማሳለፍ በአገሩ ነውር ነው። ደጀን አንገቱን ደፍቶ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ብቻውን ዘግይቶ «አሜን» አለ።